ከሕጉ የቀደመ ሥርዓት፤ የኤሌክትሮኖች አቀማመጥ እንዴት እንደ ተቈጠረ

በልጅነታችን የቄስ ትምህርት ቤቱ የኔታ ፊደልን በዜማ እንዳስቈጠሩን ሁሉ፥ ኋላ በዘመናዊው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህራችን «ሁለት፥ ስምንት፥ ዐሥራ ስምንት፥ ሠላሳ ሁለት» የሚለውን ተራ በዚያው በንባብ ቤት ለዛ በአንድ ቃል ያስብሉን ነበር፤ እኛም በአቶም አስኳል ዙሪያ በየደረጃው ያሉት ሼሎች የሚይዙት የኤሌክትሮን ልክ ይህ መሆኑን ያለ ጥያቄ ተቀብለን፥ በፈተናም ጽፈን፥ ነጥባችንንም ወስደን አለፍን። አንድ ቀን ግን ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ደፋር ልጅ ብድግ ብሎ፥ «ጋሼ፥ ስምንቱ ስለ ምን ስምንት ሆነ? ሰባት ወይም ዘጠኝ እንዳይሆን ማን ከለከለው?» ቢላቸው፥ መምህሩ ጠመኔያቸውን በጣታቸው መካከል ጥቂት ካንከባለሉ በኋላ፥ «ተፈጥሮ እንዲህ አድርጋ ስለ ሠራችው ነው፤ ተቀመጥ» አሉት። ያን ጊዜ የሽሽት መልስ መስሎን ሳቅን። ከብዙ ዓመት በኋላ የነገሩን ታሪክ ተከታትዬ ሳነብ ግን፥ እስከ 1925 ድረስ በአውሮፓ ስመ ጥር ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ እንኳ ከዚህ እጅግ የተሻለ መልስ ሊሰጥ ይችል እንዳልነበረ ተረዳሁ፤ ስለዚህ መምህራችንን በልቤ ይቅርታ ጠይቄ፥ ቍጥሩ ከየት እንደ መጣ፥ ምክንያቱስ ከቍጥሩ ምን ያህል ዘግይቶ እንደ ደረሰ፥ እንደ ችሎታዬ ልተርክ ተነሣሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኤሌክትሮንን በዓይኑ ያየ፥ የሚያርፍበትንም ስፍራ በእጁ የዳሰሰ ሰው የለም፤ ስለ አቀማመጡ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ብርሃን የሰጠን ምስክርነት ነው። ዮሴፍ ፍራውንሆፈር የተባለ የባቫርያ መስተዋት ሠሪ በ1814 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ሲመለከት፥ ቀስተ ደመና በመሰለው ኅብረ ቀለም ላይ ከ500 የሚበልጡ ጥቋቍር መስመሮች ተሰምረው አገኘ፤ ምን እንደ ሆኑ ባያውቅም ጐላ ጐላ ላሉት ፊደል እየሰጠ መዘገባቸው። ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ በሃይደልበርግ ከተማ ጉስታቭ ኪርኾፍና ሮበርት ቡንዘን፥ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በነበልባል ውስጥ ሲግል ለእርሱ ብቻ የተሰጡ የብርሃን መስመሮች እንዳሉት አስረዱ፤ በ1860 ሴዝየምን፥ በ1861 ሩቢድየምን ገና ለብቻቸው አጥርተው በእጃቸው ሳይጨብጧቸው በመስመሮቻቸው አወቋቸው። ንጥረ ነገር ሁሉ የየራሱ ማኅተም እንዳለው በዚህ ታወቀ፤ ማኅተሙን የቀረጸው ግን ምን እንደ ሆነ የሚናገር አልተገኘም።

በ1885 ዮሐን ያኮብ ባልመር የሚባል፥ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሚያስተምር፥ ዕድሜው ስድሳ የሞላ ሰው፥ የሃይድሮጅንን አራት መስመሮች ልክ እርስ በርሱ እያነጻጸረ በአንዲት አጭር የሒሳብ ቀመር አሰራቸው። ቀመሪቱ ሙሉ ቍጥሮች በራሳቸው ሲባዙ ከሚገኙት፥ ማለት ከ4፥ ከ9፥ ከ16፥ ከ25 የተሠራች ነበረች። ባልመር ስለ አቶም ውስጣዊ ሁኔታ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ኤሌክትሮንም ገና አልተገኘም፤ ነገር ግን ቍጥር አፍቃሪ ስለ ነበረ፥ መስመሮቹ ያለ ሥርዓት የተበተኑ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ አመነ፥ ሥርዓቱንም አገኘ። አንባቢ እነዚህን ካሬ ቍጥሮች ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ ይፈጥናል። ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1897 በካምብሪጅ ኤሌክትሮንን አስታወቀ፤ ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1911 በማንቸስተር የአቶም ክብደት ከጥቂቱ በቀር ሁሉ በመካከሉ ባለች እጅግ ረቂቅ አስኳል ውስጥ የተከማቸ መሆኑን ገለጠ። ኤሌክትሮኖቹ እንግዲህ ፕላኔቶች ፀሐይን እንደሚዞሩ አስኳሉን ይዞራሉ ቢባል፥ በዚያ ዘመን በታወቀው ሕግ መሠረት የሚዞር ኤሌክትሮን ሳያቋርጥ ብርሃን እየረጨ፥ ኃይሉንም እየጨረሰ፥ በቅጽበት ወደ አስኳሉ መውደቅ ነበረበት፤ ዓለምም አንዲት ሰዓት ባልቆመች ነበር። የሃያ ሰባት ዓመቱ ዴንማርካዊ ኒልስ ቦር ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ፥ በ1913 መጀመሪያ ሃንስ ሐንሰን የተባለ ባልንጀራው የባልመርን ቀመር አይቶ እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ቦርም ቀመሪቱን ባየ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወዲያው እንደ ተገለጠለት ኋላ ይናገር ነበር። ኤሌክትሮን በወደደው ርቀት ሳይሆን በተወሰኑ ምሕዋሮች ላይ ብቻ እንዲዞር ተፈቅዶለታል፤ በዚያ ሳለ ብርሃን አይሰጥም፤ ከላይኛው ወደ ታችኛው ሲወርድ ብቻ በመካከላቸው ያለውን የኃይል ልዩነት አንድ የብርሃን መስመር አድርጎ ይለቃል፤ በዚያው ዓመት በሦስት ክፍል አከታትሎ ባሳተመው ጽሑፍ ያስተማረው ይህን ነበር።

የእኛ አገር ክብ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ሊሆን ይችላል፤ በመካከሉ መቅደሱ፥ ከእርሱ ቀጥሎ ቅድስቱ፥ በውጭ በኩል ቅኔ ማኅሌቱ በክብ ተሠርተው፥ በየክፍሉ ማን ሊቆም እንደሚገባው የታወቀ ነው፤ በግድግዳው ውስጥ ግን፥ በሁለቱ ክፍሎች መካከል፥ ማንም ሊቆም አይችልም። ምሳሌው እስከ ደጀ ሰላሙ ብቻ ያደርሰናል፤ ምክንያቱም በቤተ ክርስቲያን ለሰዎቹ ስፍራቸውን የለየው ማዕርጋቸው ሲሆን፥ ኤሌክትሮኖች ሁሉ ግን አንዱ ከሌላው የማይለዩ፥ ማዕርግም ስምም የሌላቸው ናቸው። ማዕርግ የሌላቸው እነዚህ፥ ሁሉም ወደሚስማማቸው ወደ ውስጠኛው ክፍል ስለ ምን እንደማይጐርፉ፥ ሁለቱ ሲገቡ ሦስተኛውን በሩ ላይ ምን እንደሚመልሰው፥ ቦር በ1913 ሊናገር አልቻለም። የደፋሩ ልጅ ጥያቄ ይህ ነበር።

ስለ ሼሎቹ ስም ጥቂት ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ የነገር ታሪክ ብዙ ጊዜ በስሙ ውስጥ ተደብቆ ይገኛልና። ቻርልስ ባርክላ የተባለ እንግሊዛዊ ንጥረ ነገሮች በራጅ ጨረር ሲመቱ መልሰው የሚያወጡትን ጨረር ሲመረምር ሁለት ዓይነት አግኝቶ፥ ከእነርሱ በፊትም በኋላም ሌሎች ይገኙ ይሆናል በማለት፥ ከፊደሉ መጀመሪያ ትቶ ከመካከሉ ኬ እና ኤል ብሎ ሰየማቸው። በኋላ በኩል ኤም እና ኤን በእርግጥ ተገኙ፤ በፊት በኩል ግን ምንም አልተገኘም፤ ኬ የመጨረሻው ውስጠኛ ክፍል ነበርና። ባርክላ በ1917 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ስሙ ከተጠራ በኋላ፥ ባዶ በተወው ስፍራ የሚገባውን «ጄ» የተባለ ጨረር ሲፈልግ ብዙ ዘመኑን ፈጀ፤ ነገሩ ግን ከቶ አልነበረም። ለወደፊት በጎ አስቦ የተወው ክፍት ቦታ ራሱን ሰውየውን ውጦ መቅረቱ እጅግ ያሳዝነኛል።

ኤስ፥ ፒ፥ ዲ፥ ኤፍ የሚባሉት የውስጥ ክፍሎች ስምም እንዲሁ ነው። እነዚህ ፊደላት የብርሃን መስመሮችን ይመዘግቡ የነበሩ ሰዎች አንዱን ተራ «ጥርት ያለ»፥ ሁለተኛውን «ዋነኛ»፥ ሦስተኛውን «የደበዘዘ»፥ አራተኛውን «መሠረታዊ» እያሉ ከጠሩባቸው የእንግሊዝኛ ቃላት የተወሰዱ የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። በአዲስ አበባ ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር፥ ስሙን የሰጠው የተሰበረ ባቡር ከዚያ ከጠፋ ዘመን ቢያልፈውም፥ በስሙ ጸንቶ እንደ ቀረ፥ ዛሬም በዓለም ሁሉ የሚማር ተማሪ መስመሩ ጥርት ይበል ይደብዝዝ ሳያውቅ ኤስ እና ዲ እያለ ይጽፋል።

ሼሎቹ መኖራቸው ቢታመንም፥ ቍጥራቸው የሚወጣው ከንጥረ ነገሮች ተራ ስለ ነበረ፥ ተራውን በእርግጥ የሚያጸና ሰው ያስፈልግ ነበር። ዲሚትሪ ሜንዴሌየቭ በ1869 በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ባወጣው ሰንጠረዥ ንጥረ ነገሮችን በክብደታቸው ደርድሮ ጠባያቸው በየጊዜው ተመልሶ እንደሚመጣ አሳይቶ ነበር፤ ክብደት ግን አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል፤ ኮባልት ከኒኬል ጥቂት ይከብዳልና በክብደት ቢሄዱ ቦታቸው ይለዋወጣል። በ1913ና በ1914 ሄንሪ ሞዝሊ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ፥ መጀመሪያ በማንቸስተር ኋላም በኦክስፎርድ፥ ንጥረ ነገሮች የሚሰጡትን የራጅ መስመር እየለካ ከአሉሚንየም እስከ ወርቅ ድረስ ለእያንዳንዱ የማይናወጥ ተራ ቍጥር ሰጠ፤ አሉሚንየም 13፥ ኮባልት 27፥ ኒኬል 28፥ ወርቅ 79። ከዚህ በኋላ በመዝገቡ ላይ ስንት ባዶ ስፍራ እንዳለ ይታወቅ ጀመር። ሞዝሊ ጦርነቱ ሲነሣ ወደ ሠራዊቱ ገብቶ በ10 ኦገስት 1915 በጋሊፖሊ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ዕድሜው 27 ነበር።

ቍጥሩን የሚያውቅ ሰው አሁን ቁጭ ብሎ ሊያሰላ ይችላል። ከማንም ጋር መዋሐድ የማይወዱት ጋዞች ተራ ቍጥራቸው 2፥ 10፥ 18፥ 36፥ 54፥ 86 ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 8፥ 8፥ 18፥ 18፥ 32 ይሆናል። ሄልየም ሁለቱን ይዞ ሞልቷል፤ ኒዮን ሁለትና ስምንት ይዞ ሞልቷል፤ ሶድየም ግን 11ኛውን ኤሌክትሮን በሦስተኛው ሼል ለብቻው አውጥቶ ስላስቀመጠው፥ ያን አንዱን ለመጣል ይቸኵላል፤ በውሃ ላይ ሲጥሉት የሚነድደው ስለዚህ ነው። በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ይኖር የነበረው ያነ ሪድቤርይ፥ 2፥ 8፥ 18፥ 32 የሚባሉት ቍጥሮች የ1፥ የ4፥ የ9፥ የ16 እጥፍ መሆናቸውን አስተዋለ። የባልመር ካሬዎች ተመልሰው መጡ ማለት ነው፤ ቢሆንም ይህ ለብዙዎቹ ሊቃውንት የአስማተኛ ቍጥር ይመስል ነበር፤ ልክ መሆኑን ሁሉ ያያል፥ ልክ የሆነበትን ምክንያት ግን የሚያውቅ የለም።

በዚህ ሁኔታ ሳሉ በ3 ማርች 1921 በኮፐንሃገን ብሌግዳምስቫይ በሚባለው ጎዳና ለቦር የቲዎሪ ፊዚክስ ተቋም ተሠርቶ ተመረቀ፤ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶችም ተሰበሰቡበት፤ በዚያ ዘመን የእርስ በርስ ጥላቻው ገና ባልበረደባት አውሮፓ፥ ጀርመናዊውም እንግሊዛዊውም በአንድ ማዕድ ከሚቀመጡባቸው ጥቂት ቤቶች አንዱ ይህ ነበር። ቦር በጁን 1922 በጀርመን አገር በጌቲንገን ስለ ንጥረ ነገሮች ሁሉ የኤሌክትሮን አቀማመጥ በተከታታይ ሲያስተምር፥ ከአድማጮቹ መካከል የ22 ዓመቱ ዎልፍጋንግ ፓውሊና የ20 ዓመቱ ቬርነር ሃይዘንበርግ ነበሩ። ቦር የሚናገረው ከስሌት የወጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ነበሩ፤ እርሱ ግን የብርሃኑን መስመር፥ የኬሚስትሪውን ጠባይ፥ የሰንጠረዡን ተራ አንድ ላይ አኑሮ፥ የጐደለውን በልቡናው ዓይን እየሞላ የሚሄድ ሰው ነበር።

ከነገራቸው ሁሉ አንዱ ለፈተና የተጋለጠ ነበር። ከ58 እስከ 71 ያሉት ዐሥራ አራት ንጥረ ነገሮች፥ «ብርቅዬ አፈር» የሚባሉት፥ እርስ በርሳቸው እጅግ ከመመሳሰላቸው የተነሣ አንዱን ከሌላው ለመለየት ኬሚስቶች ዓመታት ይፈጁ ነበር። ቦር የመመሳሰላቸውን ምክንያት ሲናገር፥ አዲስ የሚመጣው ኤሌክትሮን በውጭው ሼል ላይ በመቀመጥ ፈንታ ወደ ውስጥ ዘልቆ ባዶ የቀረውን የአራተኛውን ሼል ክፍል ከ18 እስከ 32 ስለሚሞላው፥ የውጭው ገጽ ሳይለወጥ ይቀራል አለ፤ ጐረቤት የሚያየው አጥሩን ነውና፥ በእልፍኙ ውስጥ ስንት እንግዳ እንደ ተጨመረ አያውቅም። እንግዲህ ክፍሉ በ71ኛው ከሞላ፥ 72ኛው፥ ገና ያልተገኘው፥ ብርቅዬ አፈር ሊሆን አይችልም፤ ኤሌክትሮኑን ከዚያ ወዲህ ባለው ክፍል ያኖራልና የዚርኮኒየም ዘመድ መሆን አለበት። ዚርኮኒየም 40ኛ ነው፤ ከ40 እስከ 72 ያለው ርቀት 32 ነው።

በፓሪስ ግን ጆርጅ ኡርባን የተባለ በብርቅዬ አፈሮች ሥራ የተመሰገነ ሊቅ፥ 72ኛውን ከብርቅዬ አፈሮች መካከል አግኝቼዋለሁ፥ «ሴልትየም» ብዬዋለሁ ብሎ ከ1911 ጀምሮ ይናገር ነበር። በ1914 ናሙናውን ይዞ ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ ሞዝሊ በራጁ ቢመረምርለት፥ የ72ኛው ምልክት አልታየም፤ በሜይ 1922 ግን አሌክሳንድር ዶቪዬ የተባለው የአገሩ ሰው በዚያው ናሙና ሁለት እጅግ ደብዛዛ መስመሮች እንዳየ አሳተመ። ይህ እውነት ቢሆን የቦር አቈጣጠር ከነመሠረቱ ይናድ ነበር፤ ቦርም ወሬውን ሲሰማ ልቡ መናወጡን ከወዳጆቹ አልሸሸገም።

ሙግቱን የፈረደው በኮፐንሃገን የነበሩ ሁለት እንግዶች ሥራ ነው፤ አንዱ የሆላንድ ተወላጅ ዲርክ ኮስተር፥ በራጅ መስመር አለካክ የሠለጠነ፤ ሁለተኛው የሃንጋሪ ተወላጅ ጆርጅ ዴ ሄቬሺ፥ የኬሚስትሪ ሊቅ። እነርሱም የቦርን ቃል ተከትለው በብርቅዬ አፈሮች ውስጥ መፈለጉን ትተው ዚርኮኒየም ያለባቸውን ማዕድኖች መረመሩ፤ መስመሮቹም ደብዛዛ ሳይሆኑ ጐልተው ታዩ። በዲሴምበር 1922 ቦር የኖቤል ሽልማቱን ለመቀበል በስቶክሆልም ሳለ፥ ትምህርታዊ ንግግሩን ሊያደርግ ጥቂት ሲቀረው ኮስተር በስልክ የምሥራቹን አሰማው፤ ቦርም በ11 ዲሴምበር ንግግሩን ሲፈጽም ለጉባኤው አበሠረ። ንጥረ ነገሩን በላቲን የኮፐንሃገን ስም በሆነው በሃፍኒያ ስም «ሃፍኒየም» አሉት። የፓሪሶቹ ሊቃውንት ለብዙ ዓመት አልተቀበሉትም፤ ሙግቱም የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የአገር ክብር ሙግት ሆኖ ነበር፤ እኔ ግን በጉዳዩ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ፥ ዚርኮኒየም ከታወቀበት ከ1789 ጀምሮ ኬሚስቶች ሁሉ ሃፍኒየምን ሳያውቁት አብረው በእጃቸው ሲያገላብጡት መኖራቸው ነው፤ ከዚርኮኒየም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሁለት እጅ ያህሉ እርሱ ነበርና።

ቦር በዚህ ረታ፤ ሆኖም ዝርዝሩ ስሕተት ነበረበት። እርሱ እያንዳንዱን ሼል በእኩል ይከፋፍል ነበር፤ ስምንቱን 4ና 4፥ ዐሥራ ስምንቱን 6፥ 6ና 6፥ ሠላሳ ሁለቱን አራት ጊዜ 8። አከፋፈሉ ለዓይን ያማረ ነበር፤ ተፈጥሮ ግን በዚህ አልተገዛችም። በ1924 በበርሚንግሃም ሜን ስሚዝ የተባለ ኬሚስት፥ በካምብሪጅም የራዘርፎርድ ተማሪ የነበረው ኤድመንድ ስቶነር፥ አንዱ ከኬሚስትሪ ሌላው ከራጅና ከማግኔት ምስክርነት ተነሥተው፥ ትክክለኛው አከፋፈል 2፤ 2ና 6፤ 2፥ 6ና 10፤ 2፥ 6፥ 10ና 14 መሆኑን ሳይመካከሩ ወደ አንድ ቃል ደረሱ። ዛሬ በዓለም ሁሉ በየትምህርት ቤቱ የሚጻፈው የእነርሱ ቍጥር ነው፤ ስማቸውን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው፤ ይህን ፍርደ ገምድልነት ሳላነሣው ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድም።

የስቶነር ጽሑፍ በሃምቡርግ ወደ ነበረው ወደ ፓውሊ እጅ ደረሰ። ፓውሊ የብርሃን መስመሮች በማግኔት አጠገብ ሲሆኑ የሚሰነጣጠቁበትን ሥርዓት ሊፈታ ዓመታት የደከመ፥ በኮፐንሃገን ጎዳና ላይ ሲዞር ፊቱ ጠቍሮ ያየው አንድ ወዳጁ ምን እንዳሳዘነው ቢጠይቀው፥ ይህን ነገር የሚያስብ ሰው እንዴት ደስ ሊለው ይችላል ብሎ የመለሰ ሰው ነበር። ስቶነርን ካነበበ በኋላ ግን ሁሉ በአንድ አጭር ቃል ተጠቀለለለት፤ ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን አራት የኳንተም ቍጥሮች ይሰጡታል፤ በአንድ አቶም ውስጥ አራቱም ቍጥሮች አንድ የሆኑላቸው ሁለት ኤሌክትሮኖች ሊገኙ አይችሉም። በ1925 መጀመሪያ የታተመው ይህ ሕግ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሕጉ የክልከላ ሕግ ነው፤ ምን እንደሚሆን ሳይሆን ምን እንደማይሆን ይናገራል።

አሁን የደፋሩ ልጅ መልስ ሊሰጠው ይችላል። በማንኛውም ሼል ውስጥ የኤስ ክፍል 1 ማደሪያ፥ የፒ ክፍል 3፥ የዲ ክፍል 5፥ የኤፍ ክፍል 7 ማደሪያ አላቸው፤ በእያንዳንዱ ማደሪያ፥ በአራተኛው ቍጥር ብቻ የሚለያዩ፥ ሁለት ኤሌክትሮኖች ያርፋሉ። የመጀመሪያው ሼል ኤስ ብቻ ስላለው 1 ማደሪያ፥ 2 ኤሌክትሮን፤ ሁለተኛው 1ና 3 ማደሪያ፥ በጠቅላላው 4፥ ስለዚህ 8፤ ሦስተኛው 1፥ 3ና 5፥ በጠቅላላው 9፥ ስለዚህ 18፤ አራተኛው 1፥ 3፥ 5ና 7፥ በጠቅላላው 16፥ ስለዚህ 32። ጎዶሎ ቍጥሮች ከአንድ ጀምረው በተራ ሲደመሩ ሁልጊዜ ካሬ ይሆናሉ፤ በሪድቤርይ ተራ ውስጥ ካሬዎቹ ስለ ምን እንደ ተገኙ በዚህ ታወቀ። ሁለት ሁለት የሚያደርጋቸው አራተኛው ቍጥር ምን እንደ ሆነ ፓውሊ ራሱ በሥዕል ሊገልጠው አልቻለም፤ በዚያው ዓመት በላይደን ከተማ ኡለንቤክና ጎውድስሚት የተባሉ ሁለት ወጣቶች የኤሌክትሮን «ስፒን» ነው አሉ፤ ድንቅ ቃል ነው፤ ሲጀመር ግን ፓውሊ ራሱ ይህንኑ አሳብ ያመጣለትን ሌላ ወጣት ተስፋ አስቆርጦ መልሶት ነበር።

በ1926 ኧርቪን ሽሮዲንገር የማዕበል ስሌቱን ሲያወጣ፥ ኤሌክትሮን በአንድ መንገድ ላይ የሚሮጥ ፕላኔት መሆኑ ቀረ፤ በአስኳሉ ዙሪያ እዚህም እዚያም ሊገኝ የሚችልበት፥ በአንዱ ስፍራ ወፍሮ በሌላው ሳስቶ እንደ ጉም የተዘረጋ ነገር ሆነ። አሜሪካዊው ሮበርት ሙሊከን በ1932 ለዚህ «ኦርቢታል» የሚል ስም አወጣለት። በእኛ ቋንቋ አንዳንዶች ይህንንም «ምሕዋር» ሲሉት እሰማለሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። ምሕዋር ሖረ ከሚለው ከግዕዙ ግሥ የወጣ፥ መሄጃ፥ መመላለሻ ማለት ነውና፥ ለቦር የ1913 መንገድ እጅግ ይስማማዋል፤ መንገዱ ከቀረ በኋላ ግን ስሙን ማቆየት ተማሪን ያሳስታል። ኀደረ ከሚለው የወጣው «ማኅደር» ይሻላል፤ መጽሐፍ ያለበትን የቆዳ ቤት ማኅደር እንደምንለው፥ ኤሌክትሮንም የሚሄድበት ሳይሆን የሚያድርበት ስፍራ ነውና።

ማኅደሮቹ የሚሞሉበት ተራም የራሱ ነገር አለው። ሦስተኛው ሼል 18 መያዝ እየቻለ፥ የፖታስየም 19ኛው ኤሌክትሮን የሦስተኛውን ዲ ዘልሎ ወደ አራተኛው ኤስ ይገባል፤ በዚያ ያለው ኃይል ለእርሱ ዝቅ ያለ ነውና፤ አራተኛው ኤስ በካልሲየም ከሞላ በኋላ ነው በስካንድየም ወደ ኋላ ተመልሶ ሦስተኛውን ዲ መሙላት የሚጀመረው። በአንድ ክፍል ያሉት ማኅደሮች እኩል የሆኑ እንደ ሆነም፥ ፍሪድሪሽ ሁንድ በ1925 እንዳስተዋለው፥ ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ አስቀድመው ለየብቻቸው ባዶ ባዶውን ይይዛሉ፤ ጥንድ ሆነው የሚያድሩት ባዶ ሲጠፋ ነው። ብረት ማግኔት የሚሆነው በሦስተኛው ዲ ውስጥ ጥንድ ያላገኙ አራት ኤሌክትሮኖች ስላሉት ነው። ይኸው ብረት ኤሌክትሮን ሲጐድልበት ደግሞ አስቀድሞ የሚወጣው አስቀድሞ የገባው የአራተኛው ኤስ ነው። ጀርመናዊው ኧርቪን ማደሉንግ በ1936 ባሳተመው ደንብ የአሞላሉ ተራ በአንድ መስመር ተጠቃልሏል፤ ክሮሚየምና መዳብ ግን አንድ ኤሌክትሮን ከአራተኛው ኤስ አውጥተው ለሦስተኛው ዲ በመስጠት ይህን ደንብ ያፈርሳሉ። ደንቡን ከመሠረታዊው የኳንተም ሕግ በቀጥታ አጥርቶ በማውጣት ረገድ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ የመምህራችን መልስ እንግዲህ ፈጽሞ አልተሻረም።

በብሌግዳምስቫይ የነበረው ቤት ብዙ ነገር አሳለፈ። በኤፕሪል 1940 የጀርመን ጦር ኮፐንሃገን ሲገባ፥ ሄቬሺ በተቋሙ በአደራ የተቀመጡትን የማክስ ፎን ላወንና የጄምስ ፍራንክን የወርቅ ኖቤል ሜዳልያዎች ጠላት እንዳያገኛቸው ወርቅን በሚያቀልጠው የአሲድ ድብልቅ አሟሟቸው፤ ፈሳሹም በጠርሙስ ሆኖ በመደርደሪያ ላይ ጦርነቱ እስኪያልቅ ማንም ሳይነካው ቆየ፤ በኋላም ወርቁ ወጥቶ ሜዳልያዎቹ እንደ ገና ተቀረጹ። ቦር በ1962 ሞተ፤ ተቋሙ ከ1965 ጀምሮ በስሙ ይጠራል። በዚያ የተገኘው ሃፍኒየም ዛሬ በኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ ኒውትሮን የሚውጡትን መቆጣጠሪያ ዘንጎች ለመሥራት ያገለግላል፤ ዚርኮኒየም ደግሞ ኒውትሮንን ስለሚያሳልፍ የነዳጁ ሽፋን ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ ማዕድን ውስጥ ተቃቅፈው ከሚገኙበት እጅግ በሚያደክም ሥራ መለያየት ግድ ሆኗል። አንባቢ በአንድ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ተሰቅሎ ቢያገኝ፥ ጣቱን በ40ኛው በዚርኮኒየም ላይ አኑሮ አንድ ረድፍ ወደ ታች ይውረድ፤ 72ኛውን ያገኘዋል።